ሦስተኛው ዝምታ

አንድ ሰው ነበረ። በአንዲት የገበያ ከተማ፣ ከእህል በረንዳው አጠገብ፣ በአንድ የስፌት መኪና ቤተሰብ የሚያስተዳድር ልብስ ሰፊ። ኮት ይሰፋል፣ ሱሪ ያሳጥራል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይቆርጣል። ስሙ የወጣው ግን በልብስ አልነበረም። በሽምግልና ነው።

ለልጁ ሚስት የሚያጭ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። «ጋሼ፣ እርስዎ ካልቀደሙ አይሆንም» ይለዋል። እሱም መቀሱን ያስቀምጣል፣ ጋቢውን ይደርባል፣ ሁለት ሰው አስከትሎ ይሄዳል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አፍሮ የተመለሰበት ቀን የለም። የከተማው ሰው እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ትቶ «አባ እሺታ» አለው። እኛም አባ እሺታ እንበለው።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ በሄደበት ቀን እሺ አይባልም። በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት፣ ልጅቷ የከበደችው ይመስላል። ስለዚህ «ልጄ ገና ናት» ይላል። ሽማግሌዎቹ ሄደው ይመለሳሉ። «ዘመድ አላማከርኩም» ይላል። አሁንም ሄደው ይመለሳሉ። በሦስተኛው አባትየው ዝም ይላል። አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ያያል። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ይተያያሉ፤ ተነሥተውም ይመርቃሉ። ምክንያቱም ያ ዝምታ እሺ ማለት ነው።

አባ እሺታ ይህን እንደ መርፌ ቀዳዳ ያውቀዋል። «አይ ሁለት ዓይነት ነው» ይላል ደንበኞቹን እየለካ። «የከንፈር አይ አለ፤ የሆድ አይ አለ። የጨዋ ሰው አይ ከከንፈር አያልፍም።»

«በምን ትለየዋለህ?» ሲሉት ይስቃል።

«ውሻውን አይና! ውሻው ታስሮ ከጠበቀህ ልጅቷ ያንተ ናት። ሊከለክል ያሰበ ሰው ውሻ አያስርም።»

ይህ ሰው፣ ወገኖቼ፣ ጸሎተኛም ነበር። ይህን የምለው ላሾፍበት አይደለም። በየማለዳው ሱቁን ሳይከፍት፣ በሩን ከውስጥ ዘግቶ፣ በተቆራረጠው ጨርቅ መካከል ይንበረከካል። የእግዚአብሔርንም ድምፅ ያውቀዋል። ከብዙ ዓመት በፊት ከታላቅ ወንድሙ ጋር በቦታ ተጣልቶ፣ ክሱን አስጽፎ፣ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ፣ መንገድ ላይ በልቡ አንድ ቃል ሰማ። «ተው» የሚል። ተወ። ተመልሶ ወንድሙን አቀፈ። ወንድሙ በዓመቱ ሞተ። አባ እሺታ ይህን ሲመሰክር ያላለቀሰበት ጊዜ የለም።

ድምፁን ያውቀው ነበር። ይህን ያዙልኝ።

እንግዲህ አንድ እሑድ ማለዳ የራሱ በር ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች። ፊተኛው የልጅነት ጓደኛው ጋሽ ወልዴ ነው፤ ሁለተኛው የጸሎት ቤታቸው አስተባባሪ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አላቸው።

«የመጣንበትን ሳናደርስ አንቀመጥም» አለ ጋሽ ወልዴ፤ ቀጥሎም ሳቁን መያዝ አቃተው። «አዳኙ ዛሬ ታደነ እንግዲህ! ስንቱን አባት እንዳላስጨነቅህ!»

የመጡት ለይርዳው ነበር። ይርዳው አምስት የፈረስ ጋሪና አንድ የእህል መጋዘን ያለው፣ በጸሎት ቤት ከፊት የሚቀመጥ፣ ሲያመሰግን ድምፁ የሚያምር ሰው ነው። የጠየቁትም ስንዱን ነው። ስንዱ የአባ እሺታ አንድያ ልጅ ናት፤ ከጎኑ ተቀምጣ ቁልፍና ዘምዘማት የምትሠራ፣ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ዝግ ያለ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ።

አባ እሺታ ፊቱን ኮስተር አደረገ። «ልጄ ገና ናት» አላቸው። ልቡ ግን ትጨፍር ነበር። ውሻውንም ገና ሲነጋ አስሮት ነበር።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ጠየቃት።

«ስንዱ፣ የይርዳው ሽማግሌዎች መጥተው ነበር።»

«ሰምቻለሁ፣ አባዬ።»

«እና እንዴት ነው?»

«አልፈልግም።»

ሳቀ። «መልካም። ይኼ የመጀመሪያው ነው።»

«የምን መጀመሪያ?»

«የመጀመሪያው አይ።»

ስንዱ የያዘችውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አባዬ፣ ያለፈው ማክሰኞ ድልድዩ ጋ ጋሪው ጭቃ ውስጥ ገብቶበት አይቼዋለሁ። ፈረሱን በአለንጋ ይመታው ነበር። ጀርባውን አይደለም፤ ፊቱን። ሰው ሲመጣ አለንጋውን ወረወረና የፈረሱን አንገት አሻሸው።»

«ለፈረስ ብለሽ ባል ልትመልሺ ነው?»

«ለፈረሱ አይደለም። ሰው ሲመጣ ስላሻሸው ነው።»

አባ እሺታ ራሱን ነቀነቀና ወደ መኪናው ዞረ። ማታ ራት ሲበሉ ሚስቱ ወይዘሮ አስካለች ነገሩን አነሣችው።

«አንተ ሰው፣ ልጅቷ አልፈልግም ብላሃለች እኮ።»

«አንቺስ ምን ነበር ያልሽው እኔን? ረሳሽው? ሁለት ጊዜ ነው ያባረርሽኝ።»

«እኔማ አፍሬ ነው። ጓዳ ገብቼ በር ዘግቼ ነው አይ ያልኩት። እሷ አላፈረችም። ዓይን ዓይንህን እያየች ነው የነገረችህ።»

«ጊዜው ነዋ! የዛሬ ልጆች ዓይን አይሰብሩም።»

ወይዘሮ አስካለች ሌላ አልጨመረችም። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብራው ኖራለች፤ የእሷ አይ እዚያ ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደሚመዝን ታውቀዋለች።

አባ እሺታ ግን ጸሎተኛ ነው ብያችኋለሁ። ሳይጸልይ አይወስንም። በማለዳ ሱቁ ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ተንበረከከ። «ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ከሆነ ልስጣት?»

መልሱ ወዲያው መጣ። በዚያው ድምፅ። «ተው።»

ምን አደረገ? ፈገግ አለ። ወገኖቼ፣ እውነቴን ነው፤ ተንበርክኮ እንዳለ ፈገግ አለ። «እግዚአብሔርም የጨዋ ጨዋ ነው» አለ በልቡ። «በመጀመሪያው ቀን እሺ ይላል እንዴ?» ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ሱቁን ከፈተ።

ሽማግሌዎቹ በሁለት ሳምንታቸው ተመለሱ። «ዘመድ አላማከርኩም» ብሎ ሸኛቸው። ስንዱን ጠየቃት። «አልፈልግም አልኩህ እኮ፣ አባዬ!» ብላ ጮኸች፤ ጮኻ የማታውቅ ልጅ። እሱ ደግሞ «ሁለተኛው አይ መቼም ከፍ ይላል» አለ። ተንበረከከ። «ጌታ ሆይ፣ ልስጣት?»

«ተው።»

ያን ቀን ግን ትንሽ ከበደው። ከጨርቅ ሻጩ ሱቅ ሄዶ ለሙሽራው ሱፍ፣ ለሙሽራዪቱ ነጭ ሳቲን መርጦ ነበር። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ በጠመኔ ሲያሰምርበት ዋለ። አመሻሹ ላይ መቀሱን አነሣና ቆረጠው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቁሙልኝ። ልብስ ሰፊ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። የተቆረጠ ጨርቅ ወደ ሻጩ አይመለስም።

ሦስተኛው ሳምንት መጣ። ስንዱ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አባቷ ከአጠገቧ ቆመ። «እሺ ልጄ፣ ነገ ይመጣሉ። ምን ልበላቸው?»

ስንዱ ዝም አለች። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። አንገቷን ደፍታ መሬት መሬቱን አየች።

የአባ እሺታ ፊት በራ። ይህን ዝምታ ያውቀዋል! በስንት ቤት፣ በስንት አባት ፊት አይቶታል! ጎንበስ ብሎ ራሷን ሳማት።

በማለዳ ሱቁ ውስጥ ተንበረከከ። ከፊቱ ጠረጴዛው ላይ የተቆረጠው ሳቲን አለ። «ጌታ ሆይ፣ ልስጣት?»

ምንም። ድምፅ የለም። የእህል በረንዳው እንኳ ገና አልነቃም። ጠበቀ። አሁንም ምንም።

እግዚአብሔር ዝም አለ።

አባ እሺታም ተነሣና «አሜን» አለ።

ሠርጉ አማረ። በቀጣዩ እሑድ በጸሎት ቤት መድረክ ላይ ወጥቶ መሰከረ። «ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት። ሁለት ጊዜ ፈተነኝ። በሦስተኛው ልቤን በሰላም ሞላው» አለ። ሕዝቡም «አሜን!» አለ። እልልታው እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ወይዘሮ አስካለች ብቻ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣ ነበር። ከደስታ የተነሣ ነው ያልን ብዙዎች ነን።

አዎ፣ «ያልን» ብያለሁ። ያን ቀን አሜን ያለው ሌላ ሕዝብ አይደለም።

በአምስተኛው ወር ስንዱ በጠራራ ፀሐይ ፊቷን ተከናንባ መጣች። እናቷ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። አባ እሺታ ጋሽ ወልዴንና አስተባባሪውን ጠርቶ አስታራቂ ሆነ። ይርዳው መጥቶ አለቀሰ፤ ጉልበት ሳመ፤ በዚያ በሚያምረው ድምፁ ጸለየ። «የባልና የሚስት ጠብ ነው፤ ግቢ፣ ልጄ» አሏት። ገባች።

በዘጠነኛው ወር መጣች። ሁለተኛዋ መሆኑ ነው። «አባዬ፣ አልመለስም» አለች። በሩን ተደግፋ ነው የቆመችው፤ መቀመጥም አልቻለችም።

«ሁሉም እንዲህ ትላለች» አላት። ይህን ያለው በክፋት አልነበረም። እንባም በዓይኑ ነበረ። ነገር ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ሴት አልመለስም ብላ ተመልሳለች! ስንቷንስ እሱ ራሱ መልሷል! ባጃጅ ጠርቶ፣ ከጎኗ ተቀምጦ፣ እስከ ባሏ ደጅ አደረሳት። መንገዱን ሁሉ ስለ ትዕግሥት ነገራት። እሷ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እሱም በልቡ «ገብቷታል» አለ።

ሦስተኛ ጊዜ አልመጣችም።

ሦስተኛ ጊዜ ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ስሟን ሲጠይቋት አልሰጠችም፤ «ቤተሰብ አለሽ?» ሲሏት «የለኝም» አለች። አባቷ የሰማው ከአራት ቀን በኋላ፣ ሱሪ ሊያሳጥር ከመጣ ደንበኛ አፍ ነው። ሮጦ ሲደርስ አልጋው ባዶ ነበር። ነርሷ ወረቀት እያገላበጠች «ቁስሉ ይድናል» አለችው። «የግራ ጆሮዋ ግን ከእንግዲህ አይሰማም።»

ይርዳው ታሰረ። ስንዱ በከተማው ሌላ ጫፍ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ዳቦ ቤት ተቀጠረች። እናቷን ታስገባታለች። አባቷን አይደለም።

አባ እሺታ ምን ያድርግ? የሚያውቀውን አደረገ። ጋቢውን ደረበ፤ ጋሽ ወልዴንና አንድ ሰው አስከትሎ ሄደ። ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ ወደ ገዛ ልጁ ደጅ። ግቢው ውስጥ አንድ ቡችላ አለ፤ አልታሰረም፤ እየጮኸ እግራቸው ሥር ገባ። ስንዱ ዱቄት የነካው እጇን እየጠረገች ወጣች።

«ስንዱዬ፣ ይቅር በይን» አለ ጋሽ ወልዴ።

እሷ አባቷን ብቻ አየች። «አባዬ፣ ሽማግሌ ይዘህብኝ አትምጣ። ሽማግሌ በቃኝ።»

«ይቅር አትይኝም?»

«አይ።»

በሳምንቱ ብቻውን ሄደ። ቡችላው ጮኸበት። ደጅ ላይ ተንበረከከ፤ በዚያ ዕድሜው፣ ጎረቤት እያየ። «አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። ወደ እኛ ቤት ተመለሺ» አላት።

«አልችልም፣ አባዬ። ተነሥ። ተነሥና ሂድ።»

በሦስተኛው ሳምንት ሲሄድ ቡችላው ታስሮ ነበር።

አባ እሺታ ገመዱን ሲያይ ልቡ ዘለለች። ታስሯል! ሠላሳ ዓመት የኖረበት ምልክት ነው! በሩ ገርበብ ብሏል። ስንዱ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። «ስንዱዬ» አላት። «ይቅር በይኝ።»

ስንዱ ዝም አለች። አንገቷን ደፍታ መሬት መሬቱን አየች።

ታስሯል። ሦስተኛው ነው። ዝም ብላለች። ሊያመሰግን አፉን ከፈተ። ከዚያ ግን፣ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ ጎንበስ ብሎ ፊቷን አየ።

በሠላሳ ዓመት ሽምግልናው የልጅቷን ፊት አይቶ አያውቅም ነበር። ሲያይ የኖረው የአባቶችን ፊት ነው። ሴቶቹ ጓዳ ነበሩ።

የደከመ ፊት ነው ያየው። የሚናገረውን ሁሉ ተናግሮ የጨረሰ። አይ ያለ፣ ጮኾ አይ ያለ፣ ከዚያ ወዲያ ቃል ያለቀበት። አየውና አወቀው። ይህን ፊት ባያየውም፣ ምስር ስትለቅም ይህ ፊት ነበረ። ባጃጅ ውስጥ ይህ ፊት ነበረ። በተዘጋው ሱቅ ውስጥ፣ በተቆረጠው ሳቲን ፊት ተንበርክኮ ሲጠብቅ፣ ከወዲያ በኩል የነበረው ዝምታም ይህ ነበረ።

ቀስ ብሎ ቀና አለ። ጋቢውን ሰበሰበ። ቡችላውን ማን እንዳሰረው፣ ለምን እንዳሰረው አልጠየቀም።

«ሰማሁሽ፣ ልጄ» አላት። ወጣም።

የቆመው በግራዋ በኩል ነበር። አልሰማችውም።

ወገኖቼ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ፍጻሜ ቢኖረው ደስ ባለኝ። በኋላ ታረቁ የሚል ወሬ አልደረሰኝም። አባ እሺታ ዛሬም ኮት ይሰፋል። ለሽምግልና ሲጠሩት «መጀመሪያ ልጅቷን ልያት» ይላል፤ ስለዚህ የሚጠራው ሰው አንሷል።

እኔ ግን ስለ እሱ ልነግራችሁ አልመጣሁም።

እናንተስ? በዚህ ዓመት ለእግዚአብሔር ያቀረባችሁት ጥያቄ አለ አይደል? መልሱ የመጣላችሁ መቼ ነው? ዛሬ ነው? ወይስ በመጀመሪያው ቀን መጥቶ፣ አልጥም ስላላችሁ እየተመላለሳችሁ ነው? ደጋግሞ መለመን ኃጢአት ነው አላልኩም። ያልተመለሰ ጥያቄ ያለው ሰው እጁ እስኪደማ ያንኳኳ። የተመለሰለት ሰው ግን ምን ያንኳኳል?

እግዚአብሔር አማች አይደለም። አይ የሚለው ክብሩ እንዳይቀል አይደለም፤ ደጅ እንድትጠኑት፣ እንድታባብሉት፣ በሦስተኛው እንድታሸንፉት አይደለም። «ተው» ሲል ተዉ ማለቱ ነው። ሁለት ጊዜ ተናግሮ ዝም ቢል፣ ዝምታውን አሜን ብላችሁ አትዝጉት። ጎንበስ በሉና ፊቱን እዩ።

ደግሞ ማለዳ ስትንበረከኩ ጠረጴዛችሁ ላይ ምን እንዳለ ተመልከቱ። ጨርቁ አልተቆረጠም? ቀኑ አልተቆረጠም፣ ሰው አልተጠራም፣ አፋችሁ ቃል አልሰጠም? እንግዲያው ጠይቁ። ከተቆረጠ ግን ጸሎት አትበሉት። ምርቃት ፍለጋ ነው።

እግዚአብሔር የት ነበር የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ ለዚያች ልጅ ለምን አልደረሰላትም? እኔም ብዙ ቀን ጠይቄዋለሁ። ሱቅ ውስጥ ነበር። ራት ላይ በአስካለች አፍ ነበር። ቁልፉን አስቀምጣ «አልፈልግም» ስትል፣ እዚያ ነበር። ተናግሮ ነበር፤ የሰማው ሰው ነው የጠፋው።

ስለዚህ ዛሬ ወደየቤታችሁ ስትገቡ፣ ከመጸለያችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። በቤታችሁ ውስጥ አይ ብሎ ብሎ አሁን ዝም ያለ ሰው አለ። ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሂዱና ከፊቱ ተቀመጡ። ምንም አትናገሩ። ፊቱን እዩ።

በሚሰማው ጆሮው በኩል ተቀመጡ፤ ጊዜው ሳያልፍ።